ስለ ከሳ ፈረስ ቀለብ

ስለ ፈረስ ቀለብ በጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀላል ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። እኔም ዕድሜዬን በጽሕፈት ቤት ወረቀት ሳገላብጥ የኖርሁ የከተማ ሰው ነኝ እንጂ ባልደራስ አይደለሁም። ዳሩ ግን አንዱን ፈረስ በገዛ እጄ፥ ያውም በርኅራኄ፥ ስለ ገደልሁት፤ ሁለተኛውንም እንዳልገድለው ብዬ ከዘመዶቼ ጋራ እስከ መቀያየም ስለ ደረስሁ፥ ያየሁትን እንዳየሁት ብጽፈው ፈረስ ላለው ሰው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ፈረስ የሌለውም ቢያነበው አይጐዳም።

የመጀመሪያው ነገር የሆነው በደብረ ብርሃን ከተማ በሰኔ ወር በ2007 ዓ.ም. ነው። ሰኔ በእኛ አገር ለከብት የጭንቅ ወር ነው። ያለፈው መኸር ጭድ አልቆ ክምሩ የነበረበት ስፍራ ባዶውን ይቀራል፤ አዲሱም ሣር ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነውና ለአፍ አይያዝም። በዚህ ወር አንድ ማታ ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ በአስፋልቱ ዳር አንድ ነጭ ፈረስ ብቻውን ቆሞ አገኘሁ። ልጓምም ገመድም የለበትም። የጋሪው ዕቃ ትከሻውን ልጦት ቍስሉን ዝንብ ወርሶታል። ጎድኑ በሩቁ ይቈጠራል፤ የዳሌውም አጥንት ቆዳውን ወጥሮ እንደ ድንኳን ካስማ ወጥቷል። በአጠገቡ ያለችውን ባለሱቅ ብጠይቃት፥ «ለጋሪ አልሆን ስላለው ባለቤቱ ለቀቀው፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለችኝ።

ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን ነገሥታቶቻችንን በፈረስ ስም የጠራን ሕዝብ ነን። ያው ሕዝብ ግን ፈረሱ መጐተት ባቃተው ቀን ወደ አውራ መንገድ ይነዳዋል። በባለጋሪው ላይ ብቻ መፍረድም አይገባም፤ እርሱም ልጆቹን የሚያበላው ፈረሱ በጐተተበት ቀን ብቻ ነውና።

እኔ ያን ማታ ያሰብሁት ይህን ሁሉ አልነበረም። ያደግሁበት ቤት ልማድ የተራበ ሲመጣ ያለህን አውጣ የሚል ነው። ፈረሱን በገመድ እየመራሁ ወደ ግቢዬ አስገባሁትና ለበዓል ጠላ ተብሎ ከተቀመጠው ገብስ አንድ ቁና ሙሉ ሰፍሬ በገንዳ አፈሰስሁለት። እንዴት አድርጎ እንደ በላው ልነግራችሁ አልችልም። ጥርሱ ከገንዳው እንጨት ጋራ ሲፋጭ በቤት ውስጥ ሆነን እንሰማ ነበር። ባለቤቴም ልጆቼም ወጥተው እያዩት ደስ አላቸው። በማግሥቱ ሁለተኛ ቁና ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ገንዳውን ትቶ ቆመ፤ ሰውነቱም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጠግቦ ነው አልሁ። በአራተኛው ቀን ጧት ተኝቶ አገኘሁት፤ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ እግሩንም እንደሚሮጥ ያወራጭ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ጎረቤቶቼ ዓይን በላው አሉ። እኔም ባለጋሪው አንዳች ነገር አብልቶት ለቆት ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ፤ ሰው ራሱን ከመጠርጠሩ በፊት የማይጠረጥረው የለም። የእንስሳት ሐኪሟ፥ ወጣት ሴት ናት፥ የደረሰችው ከሞተ በኋላ ነው። በድኑን ዞር ዞር ብላ አየችና፥ «ጋሼ፥ ምን አበሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በኩራት «ገብስ፥ ሁለት ቁና» አልኋት። ጥቂት ዝም አለችና፥ «ሣር ቢሰጡት ኖሮ በሕይወት በተገኘ ነበር» አለችኝ። ይህን ቃሏን ለባለቤቴም አልነገርኋትም፤ ሐኪሟን ከሸኘሁ በኋላ ቤት ገብቼ «በሽታ ነበረበት ትላለች» አልሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። እንስሳ ብዙ ሲራብ ሰውነቱ የራሱን ሞራ፥ ሞራው ሲያልቅም የራሱን ሥጋ እያነደደ ይኖራል። በዚህ ጊዜ በደሙና በሥጋው ውስጥ ያለው ፎስፎረስ፥ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባለው ማዕድን እየመነመነ ይሄዳል። ገብስ በድንገት ሲገባ ግን ያ ሁሉ ዱቄት ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይፈሳል፤ ስኳሩን ወደ ሥጋ የሚያስገባው ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገርም ይነሣሣል፤ ስኳሩም ሲገባ በደም ውስጥ የቀረችውን ያችን ጥቂት ማዕድን አብሮ ይዞ ይገባል። ያን ጊዜ ልብና ሳንባ የሚሠሩበትን ያጣሉ። እንስሳው የሚሞተው በበላበት ሰዓት አይደለም፤ ከሦስት ቀን እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህም ሰው ነገሩን ከቀለቡ ጋራ አያገናኘውም።

ይህ በፈረስ ብቻ የሚደርስ አይደለም። የአይሁድን ጦርነት ታሪክ የጻፈው ዮሴፍ፥ ኢየሩሳሌም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ70 በሮማውያን ተከባ ሳለ ከረኃቡ ሸሽተው ወደ ሮማውያን ሰፈር ያመለጡት ሰዎች ምግብ ባገኙ ጊዜ ያለ ልክ በልተው እንደ ሞቱ፤ ራሳቸውን ገትተው ጥቂት ጥቂት የቀመሱት ግን እንደ ዳኑ ጽፏል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1945 ከናዚዎች ማጐሪያ ከወጡት ሰዎችም መካከል እንዲሁ ከነፃነታቸው በኋላ በመብል የሞቱ ነበሩ። የእኛም እናቶች ከሁዳዴ ጾም በኋላ በፋሲካ ሌሊት ዶሮውን ከማቅረባቸው በፊት ተልባ የሚያቀርቡት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በየዓመቱ ያን ተልባ እየጠጣሁ ፈረሱን ግን በባዶ ሆዱ በሁለት ቁና ገብስ ፈሰክሁት።

ሁለተኛው ፈረስ የአጎቴ ነው። አጎቴ ከደብረ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ይኖር የነበረ ገበሬ ሲሆን፥ በወጣትነቱ በጉግስ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ታሞ ተኛና አልተነሣም፤ ጥቅምት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐረፈ። በአገሩ ልማድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ዕቃው ተጭኖ በለቅሶው መካከል ይመራል። የአጎቴ ዳማ ግን በዚያን ቀን አልወጣም። ጌታው ስድስት ወር ሲተኛ እርሱንም ያየው ሰው አልነበረምና ኮርቻ የሚሸከም ጀርባ አልነበረውም። ከቀብሩ በኋላ የአጎቴ ሚስት እጄን ይዛ ወደ ጋጣው ወሰደችኝና፥ «ልጄ፥ አንተ ከተማ ሐኪም አለ፤ ይህን ወስደህ አድንልኝ። አጎትህ እኔን ሳይሆን እርሱን ነው አደራ ያለው» አለችኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የነጩ ፈረስ ነገር ከዓይኔ አልራቀም። ዳማውን በሁለት ቀን ጉዞ ቀስ እያልሁ አመጣሁትና እፍኝ ገብስ እንኳ ሳላቀምሰው ያችኑ ሐኪም አስጠራሁ።

እርሷ ገና ስትመጣ ዓይኗን አላመነችም፤ በእጇ መዳበስ ጀመረች። ነገሩን በኋላ አስረዳችኝ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983፥ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሄነኪ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋራ የፈረስን ሰውነት ከ1 እስከ 9 በቍጥር የሚመዝኑበትን ዘዴ አወጣ። ስድስት ስፍራ ይዳሰሳል፤ አንገቱ፥ ከኮርቻው ፊት ያለው ጕብታ፥ ትከሻው፥ ጎድኑ፥ ወገቡና የጭራው ሥር። 1 የሚባለው አጥንትና ቆዳ ብቻ የቀረው ነው፤ 9 የሚባለው ሞራው ተርፎ የተንጠለጠለው ነው፤ 5 ግን ጎድኑ ለዓይን የማይታይ፥ ለእጅ ግን ወዲያው የሚገኝ ነው። ዓይን ይሸነገላልና፤ በብርድ ጊዜ ፀጉሩ ሲረዝም፥ ሆዱም በጭድ ሲነፋ፥ የከሳው የወፈረ ይመስላል። ዳማው 2 ወጣለት። ደረቱን ዙሪያውንና ርዝመቱን በሜትር ለክታ በወረቀት ላይ አባዝታ አካፈለችና 187 ኪሎ ይመዝናል አለች።

ከዚህ በኋላ ያለችኝ ቃል ግን ከቍጥሩ ሁሉ ይበልጥብኛል። «ጋሼ፥ ምን እናብላው ከማለታችን በፊት ለምን ከሳ እንበል» አለች። በገንዳው ሥር የወደቀውን አንሥታ አሳየችኝ፤ ፈረሱ አኝኮ አኝኮ የተፋው፥ እንደ ጥጥ ድውር የተጠቀለለ ሣር ነው። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ ሲፋጭም የውጭው ጠርዝ እንደ ምላጭ ሹል ይሆንና ጕንጩን ይቈርጠዋል። አፉን ከፍታ ብታሳየኝ ጕንጩ በውስጥ በኩል ቈስሏል። እንግዲህ ይህ ፈረስ ቀለብ ቢቀርብለትም እንኳ የሚበላበት አፍ አልነበረውም። ሐኪሟ ሹሉን በረጅም ሞረድ አስተካከለችለት። ፋንድያውንም ወስዳ በማጕያ መነጽር ብታይ የሆድ ትል ተገኘበት፤ የትሉን መድኃኒት ግን ጥቂት አቅም እስኪያገኝ በማለት ሁለት ሳምንት አቈየችው።

የቀለቡ ሥርዓት ይህ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አልፋልፋ የሚባለውን ሣር በየአራት ሰዓቱ ሁለት ሁለት እፍኝ፥ ሌሊትም ጭምር፤ ከዚያም እየጨመርን በዐሥረኛው ቀን የጠገበ ፈረስ በሚበላው ልክ ማድረስ። ፈረስ በቀን የክብደቱን ከመቶ ሁለት ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ለዳማው ይህ 4 ኪሎ ገደማ ነው። አልፋልፋ የተመረጠበት ምክንያት ዱቄቱ ጥቂት፥ ለሥጋ የሚሆነውና ማዕድኑ ግን ብዙ ስለ ሆነ ነው። እኔና የመጨረሻው ልጄ ሌሊቱን ተካፍለን እንነሣ ነበር። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለሚያውቅ አንባቢ ስለዚህ ሌላ አልጨምርም።

ገበሬውም የከተማውም ሰው ፈረስን እንደ በሬ ስለሚቈጥረው ነው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው። በሬ የበላውን መልሶ ያመነዥካል፤ ፈረስ ግን አያመነዥክም፥ ማስመለስም አይችልም። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ በትልቁ ፈረስ እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ሣሩ የሚብላላው ከኋላ በሚገኘው እጅግ ሰፊ አንጀት ሲሆን በዚያ የሚሠሩት ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። እነዚህ ሣርን ለምደው ይኖራሉ። ገብስ በአንድ ጊዜ ሲበዛ ጨጓራው ሳይፈጨው ወደዚያ ያልፍና ይቦካል፤ ቡኮው ሣር ፈጪዎቹን ይገድላቸዋል፤ ከዚያም ሆድ ቁርጠት ይነሣል፥ ወይም መርዙ በደም ወርዶ ሰኮናውን በውስጥ ያቃጥለዋል። በደኅና ፈረስም ቢሆን መኖ የሚለወጥ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ቀስ እየተባለ ነው። የፈረስ ሆድ ለጥቂት ጥቂት፥ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ለመብላት የተሠራ ነው።

ምክር የሚሰጠኝ ሰው አልጠፋም። አንዱ ፉርሽካ ብቻ አብላው አለኝ። ፉርሽካ ለጣዕም መልካም ነው፤ ብቻውን ሲበዛ ግን ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ይበልጣልና ፈረሱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ያወጣል፤ በመጨረሻ የፊቱ አጥንት አብጦ ይቀራል። በአውሮፓ በድሮ ጊዜ ይህ በሽታ የባለወፍጮ ፈረስ በሽታ ይባል የነበረው ባለወፍጮዎች ፉርሽካ ስለማያጡ ነው። ሌላው ደግሞ ጓያ ቀቅልለት አለኝ። ጓያ ሰውን እንደሚያሽመደምድ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም፤ ፈረስ ደግሞ ለጓያ መርዝ ከብዙ እንስሳት ይልቅ ደካማ ነው፤ የኋላ እግሩን ይይዘዋል፥ ጕሮሮውንም ይዘጋዋል። ይህን የመከረኝ ሰው ወዳጄ ነው፤ ክፉ አስቦ እንዳልሆነም አውቃለሁ። እኔም ነጩን ፈረስ ክፉ አስቤ አልነበረም።

የከፋው ነገር የመጣው ግን ከቤተ ዘመድ ነው። የአጎቴ አርባ ከኅዳር ሚካኤል ጋራ ገጠመ። አገሩ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ቀኑ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የአጎቴ ታላቅ ልጅ ሁለት ኩንታል ገብስ በአህያ አስጭኖ መጣ። ፈረሱን አየና ፊቱ ጠቈረ።

«ሃያ ቀን ሙሉ አንተ ዘንድ ቆይቶ ይኸው ነው?» አለኝ። «ለቅሶው ላይ ሳይወጣ ቀረ፥ እሺ። በአርባው ደግሞ አጥንቱ ወጥቶ ሲታይ ልጆቹ የአባታቸውን ፈረስ ቀለብ በሉበት ይሉናል። ገብሱን አስገባለት። ገብስ የማይቀይረው ፈረስ የለም።»

ፈረስ በሃያ ቀን እንደማይመለስ፥ እንዲህ የከሳ ፈረስ ወደ ቀድሞ ሰውነቱ ለመመለስ ከሦስት እስከ አምስት ወር እንደሚፈጅበት ነገርሁት። አልሰማኝም። እኔ በእርሱ ስፍራ ብሆን እሰማ ነበር ለማለት አልደፍርም። በአገር ፊት የአባት ስም ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ፈረሱ የአባቱ የመጨረሻ ምልክት ነው። ገብሱን አራግፎ ሄደ። ሁለቱ ጆንያዎች ከጋጣው በር አጠገብ ቆመው ዳማው ሽታውን እያሸተተ አንገቱን ሲዘረጋ በየቀኑ አየዋለሁ። አንድ ሌሊት ለአራት ሰዓቱ ድርሻ ስነሣ እጄን ወደ ጆንያው ሰድጄ እፍኝ ዘግኜ እንደ ነበረ አልሸሽግም። አንድ ጣሳ ብቻ ብሰጠውስ፥ ደግሞም የመጀመሪያው አደገኛ ጊዜ አልፎ የለምን አልሁ። መልሼ አፈሰስሁት።

በዚያው ሳምንት የአጎቴ ሚስት ስለ ድግሱ ወደ ከተማ መጥታ እኔ ቤት ዐደረች። ልጇ ነግሯታል። «ልጄ፥ ገብሱን ለምን ትከለክለዋለህ?» ብላ ስትጠይቀኝ ለአንድ ዓመት ከአምስት ወር ያህል ለማንም ያልተናገርሁትን የነጩን ፈረስ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ባለቤቴም እዚያው ተቀምጣ ነበርና ያን ጊዜ ሰማች። አክስቴ አዳምጣኝ ስታበቃ፥ «እንግዲህ እንደ ከሳ ይውጣ» አለች። ባለቤቴ ግን ምንም ሳትለኝ ተነሥታ ቡናውን አቀረበች፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የመጀመሪያውን የሌሊት ድርሻ እርሷ ትሰጠው ጀመር።

ኅዳር 12 ቀን ዳማው ያለ ኮርቻ ወጣ። ጕብታው ላይ ገና ሥጋ አልተሞላምና ኮርቻ ቢጫንበት ይልጠው ነበር። የአጎቴ ልጅ ጎድኑ እንዳይታይ ብሎ የአባቱን ካባ ጣለበት። ነገር ግን የዚያ አገር ነፋስ ለካባ የሚያዝን አይደለም፤ ሕዝቡ መካከል ሲደርስ ገለጠው። ማጕረምረምም ተሰማ። የአጎቴ ልጅ ወደ እኔ የተመለከተውን ዓይን አልረሳውም። በዚህ መካከል ከአጎቴ ጋራ ጉግስ ይጫወቱ ከነበሩት አንድ ሽማግሌ በምርኵዛቸው እየተደገፉ ወጡና ከንፈሩን ገልጠው ድዱን አዩ፤ መዳፋቸውንም በጎድኑ ላይ አሳለፉ። «ፀጉሩ ተኝቷል፤ ዓይኑም ተከፍቷል። ይህ ፈረስ እየሄደ ሳይሆን እየመጣ ነው» አሉ። የሰሟቸው ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የቀሩት ሰዎች ከሳ ፈረስ አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ቀሪው ታሪክ የትዕግሥት እንጂ የድንቅ ነገር አይደለምና አሳጥረዋለሁ። በአልፋልፋው ላይ ድርቆሽ ጨመርንለት። ስለ ድርቆሽ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን አይሆንልኝም። ገበሬዎቻችን ብዙውን ጊዜ ሣሩን የሚያጭዱት በኅዳር መጨረሻ አልፎም በታኅሣሥ፥ ፍሬውን አራግፎ እንጨት ከሆነ በኋላ ነው። ክምሩ ትልቅ ይሆናል፥ ውስጡ ግን ከጭድ አይሻልም። ሣር ሲያብብ፥ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቢታጨድና ዝናብ ሳይነካው ቢደርቅ ከሁለቱ ጆንያ ገብስ በተሻለ ነበር። እኔ የገዛሁት ቀድሞ የታጨደውን ነው፤ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ሽታው እንደ አዲስ አሪቲ ነበር። የታኅሣሥ ብርድ ሲመጣም የሚያሞቀው እህሉ ሳይሆን ይኸው ድርቆሽ መሆኑን ተማርሁ፤ ሣር በኋለኛው አንጀት ሲብላላ ሙቀት ይሰጣልና። ውሃውን ግን ጧት ጧት በረዶ እንዳይሆንበት ለብ አድርገን እናቀርብ ነበር፤ ውሃ ያልጠጣ ፈረስ አይበላም፥ በቀንም 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። አሞሌ ጨውም ከገንዳው አጠገብ አኖርንለት።

ገብሱ የተነካው ከኅዳር መጨረሻ በኋላ ነው። ተሸልሽሎ፥ በውሃ ርሶ፥ በመጀመሪያ እፍኝ፥ እያደርም በአንድ ጊዜ እስከ 300 ግራም፤ ከዚያ አላስበለጥሁም። የኑግ ዘይትም በማንኪያ ጀምረን አንድ ሲኒ አደረስነው፤ ዘይት በክብደቱ ልክ ከእህል እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይሰጣል፥ አንጀትንም አያቦካም። ከጥምቀት በኋላ በየቀኑ በገመድ እየመራሁ ዳገት አስወጣው ጀመር፤ እንቅስቃሴ ከሌለ የሚጨመረው ሞራ ብቻ ነው፥ ጡንቻ አይሆንም። በመጋቢት መጨረሻ ሐኪሟ እንደገና ለካችው። 217 ኪሎ ሆነ። በዳሰሳውም 5 ሰጠችው። ከሁለቱ ኩንታል ውስጥ አብዛኛው ተርፎ ነበርና የቀረውን ለአክስቴ መለስሁላት፤ እርሷም ለሙት ዓመቱ ጠላ አደረገችው።

ጥቅምት 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ዳማውን ይዤ ወደ አጎቴ አገር ሄድሁ። የአጎቴ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተናገረኝም ነበር። አክስቴ ከቤት ወጥታ መዳፏን በጎድኑ ላይ አኖረች፤ ጎድኑ ለዓይኗ አይታይም፥ ለጣቷ ግን ይገኛል። ልጇ የአባቱን ኮርቻ በትከሻው ተሸክሞ መጣና ጫነው። ያ የሆዱ ጠፍር ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ከመካከላቸው አንደኛው አጎቴ ለብዙ ዓመት ሲያጠብቅበት የኖረ ስለ ሆነ ሰፍቶ እንደ ዓይን ተከፍቷል። ጠፍሩን ሳበና ያችኑ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥቂት ጊዜ ጣቱን በጠፍሩና በፈረሱ ሆድ መካከል እንዳስገባ ቆየ፤ ከዚያም ቀና ሳይል፥

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታበላው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስድስት ጊዜ ነበር» አልሁት፤ «አሁን አራት ይበቃዋል።»